ስለ አሥራ ሦስተኛው ካርቶን

ለክቡር የአሳታሚ ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እንቅልፍዎስ? ከሁሉም በላይ ደግሞ ዓይንዎ እንደምን አለልን? ዓይንዎን ለይቼ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ዓመት በጋዜጠኞች ፊት ቆመው፣ አንድ የታሸገ ካርቶን እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው፣ ሳይከፍቱት በውስጡ ሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ የእርሳስ ንድፍ እንዳለ የተናገሩ ሰው ነዎትና፣ እንዲህ ወፍራም ወረቀት አልፎ የሚያይ ዓይን ባለቤቱን እንዳያደክም ሰግቼ ነው። የዓይንዎን ብርሃን ያቆይልን፤ ይህችን ደብዳቤ እስኪጨርሱ ድረስ በብርቱ ይፈልጉታል።

እኔን ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል፤ አልቀየምም። ‹የሽቦ ሰማይ› የተባለው ባለ አሥራ ሁለት ቅጽ ማንጋ፣ ማለትም በጃፓኖች ስልት በሥዕል የሚተረክ ልብ ወለድ፣ ሲሠራ፣ አሥራ አንድ ዓመት ከሠዓሊው ጎን ተቀምጬ የኖርኩ ረዳት ነኝ። ሰዉን እሱ ይሥላል፤ ከሰዉ ጀርባ ያለውን ግድግዳ፣ ደረጃ፣ ቧንቧ፣ አንቴና፣ ከሁሉም የበዛውን ሽቦ ደግሞ እኔ እሥላለሁ። ሥራ ክፍላችን ከአንድ የልብስ እጥበት ቤት በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ነበሩ፤ ከሰዓት በኋላ እንፋሎቱ ወለሉን አልፎ ስለሚመጣ ወረቀቱ እንዳይጠቀለል አራቱን ማዕዘን በአሮጌ ካውያ ተጭነን ነበር የምንሠራው። ሠዓሊው፣ እኔ ጋሼ እያልኩ የምጠራው፣ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ‹ሽቦ› ይለኝ ነበር። ‹ሽቦ፣ እዚህ ጋ ሰማዩ ባዶ ሆነብኝ፣ እስቲ ጥልፍልፍ አድርጊበት› ካለኝ የሁለት ቀን ሥራ መጣብኝ ማለት ነው።

ጋሼንና ባለቤቱን እትዬን በዚህ ደብዳቤ ‹እሱ› እና ‹እሷ› እያልኩ ስጽፍ ድፍረት እንዳይመስልዎ። ሁለቱም አንቱታ እቤታቸው እንዳይገባ ከመጀመሪያው ቀን ከልክለውኛል። በእነሱ ላይ ሳላወጣው ያጠራቀምኩትን አንቱታ በሙሉ፣ እነሆ፣ ለእርስዎ አውዬዋለሁ።

ይህ ደብዳቤ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነና ‹የሽቦ ሰማይ›ን ያላነበበ ሰውም ሊያየው ስለሚችል፣ እርስዎንም ጨምሮ ማለቴ ነው፣ ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። ሳይበርፐንክ ከሚሉት ወገን ነው፤ ማለትም ማሽኑ ሰማይ የደረሰበት፣ የሰው ኑሮ ግን ምድር ቤት የወረደበት ዓለም። በዚያ ከተማ የሰው ሁሉ ትዝታ የሚቀመጠው በአንድ ኩባንያ ማከማቻ ነው፤ የእናቱን ድምፅ ማስታወስ ያማረው ሰው ማመልከቻ አስገብቶ ወረፋ ይጠብቃል። በዚህ መሀል አንዲት ግራ እጇ ብረት የሆነ ፖስተኛ አለች። ኩባንያው ሊያነበው የማይችለውን፣ በወረቀት ላይ በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ እየያዘች ከሰው ለሰው ታደርሳለች። ይኸው ነው። አትበርም፤ ግድግዳ አትሰነጥቅም። ደረጃ ስትወጣ ትደክማለች፣ ብረቱ በብርድ ትከሻዋን ይበላታል፣ አንዳንዴም አድራሻ ይጠፋባታል። በአሥራ ሁለተኛው ቅጽ የመጨረሻዋን ደብዳቤ አድርሳ ስትመለስ ደረጃው ላይ ቁጭ ትላለች፤ እዚያው ትሞታለች። በመጨረሻው ገጽ ላይ ቦርሳዋ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ ከጀርባው ያለው ሰማይ አንድም ሽቦ የለበትም። ያንን ሰማይ ያልሣልኩት እኔ ነኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንደሱ የከበደኝ ሥራ የለም።

ሰው አለቀሰላት። ታች ያለችው የልብስ እጥበት ቤት ባለቤት ቅጹን የጨረሰች ቀን የደንበኛ ሸሚዝ አቃጥላለች። ጋሼን መንገድ ላይ እያስቆሙ ለምን ገደልካት ሲሉት ‹ደክሟት ነው የተቀመጠችው፣ ተዉአት› ነበር መልሱ። ከሁለት ዓመት በኋላ እሱም ደከመውና ሄደ። እርስዎ ግን፣ እድሜ ይስጥዎና፣ ሁለቱንም አልተዉአቸውም። በዚህ ዓመት አሥራ ሦስተኛውን ቅጽ አሳተሙልን። ስለዚሁ ቅጽ ያሉኝን ቅሬታዎች፣ ጊዜዎን እንዳልሻማ በቁጥር ከፍዬ እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ፖስተኛዋን ከሞት ስላስነሱልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ኩባንያው ለካ ግልባጯን በማከማቻው አስቀምጦላት ኖሯል፤ አሥራ ሁለት ቅጽ ሙሉ ስትሸሸው የኖረችው ኩባንያ ማለት ነው። ተነሥታም ሥራ ፈት እንዳትሆን የዚያው ኩባንያ የጥበቃ ኃላፊ አድርገው ቀጥረውልናል። አሁን የሰው ደብዳቤ የምትቀድ እሷ ናት። ይህም አንሷት የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ድንገት የጠፋ አባቷ ሆኖ ተገኘ፤ ደግ፣ ሆደ ባሻ፣ ዓለም ያልተረዳው ሰው። በሠላሳ ገጽ ውስጥ ስድስት ጊዜ ‹እኔን ማንም አልገባውም› እያለ ያነባል። አንድ አሳታሚ ድርጅት ለሥራ አስኪያጆች ይህን ያህል ርኅራኄ ከየት እንዳመጣ ለመጠየቅ አልደፍርም፤ መነጽሩ ግን ቁርጥ የእርስዎን ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ብረት እጇ። እስከ ገጽ ሠላሳ ድረስ ብረቱ በግራ ነው። ከገጽ ሠላሳ አንድ ጀምሮ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ በገጽ አርባ ሰባት ደግሞ ተመልሶ ግራ ነው። አንባቢ ምስኪን ነውና የወደደውን ሰው ስሕተት ጥበብ ያደርግለታል፤ አንድ የጥርስ ሐኪም ይህ የእጅ መዘዋወር የሁለት ነፍስ ትግል ምልክት መሆኑን የሚያስረዳ ረጅም ትንታኔ በኢንተርኔት ለቋል፤ አንብቤ አዘንኩለት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ገጾቹን ከአምስተኛው ቅጽ ወስዳችሁ፣ እንዳይታወቅባችሁ ግራና ቀኙን እንደ መስታወት ገለበጣችሁት። ቤቱ ሲገለበጥ አይታወቅም፤ መንገዱም አይታወቅም፤ እጅ ግን ይታወቃል።

ማስረጃ ካስፈለገ በአምስተኛው ቅጽ ገጽ ሰማንያ ስምንት ላይ አንድ ክብ መስኮት አለ። በዚያ ሰፈር የሣልኩት መስኮት ሁሉ አራት ማዕዘን ነው። እሱ ብቻ ክብ የሆነው እትዬ ሻይ ልታቀብለን መጥታ ብርጭቆውን ቀለሙ ባልደረቀ ሥዕል ላይ ስላስቀመጠችው ነው። ‹ውይ፣ አበላሸሁባችሁ› ብላ ክው ስትል ጋሼ ቀለበቱን አገላብጦ አየውና ‹ሽቦ፣ መስኮት አድርጊውና አንድ የሚያይ ሰው አስገቢበት› አለኝ። አስገባሁበት። ያ መስኮት በአሥራ ሦስተኛው ቅጽ ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ይገኛል፤ ባንክ ላይ አለ፣ ሆስፒታል ላይ አለ፣ አንድ ቦታ ደግሞ በሚሄድ አውቶቡስ ጎን ላይ አለ፤ የሚያየውም ሰው ያው አንዱ ሰውዬ ነው። ጋሼ ደብቆ በእርሳስ ነድፎታል በተባለ ሥራ ላይ የእትዬ ብርጭቆ አሥራ አንድ ጊዜ ካረፈ፣ እንግዲህ ያቺ ሴት ዕድሜዋን ሻይ ስታቀብል ፈጅታዋለች ማለት ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ሽቦው። ሽቦ ይረግባል፣ ክቡር ሆይ። በሁለት ምሰሶ መሀል የተዘረጋ ሽቦ በራሱ ክብደት ወደ ታች ሆዱን ጣል ያደርጋል፤ ዝናብ ሲመታው ይብሳል፤ ወፍ ሲያርፍበት ደግሞ ሌላ ነው። ጋሼ መጀመሪያ የሰጠኝ ልምምድ አንድ ወር ሙሉ መስኮት ላይ ቆሜ የመንገዱን ሽቦ እንዳይ ነበር። የእናንተ ሽቦዎች በማስመሪያ እንደተሰመሩ ቀጥ ብለው ይነሡና የትም ሳይደርሱ ይቀራሉ፤ በዚህ በኩል ከታሪኩ ጋር መስማማታቸውን አልክድም። እውነቱን ለመናገር ከሆነ፣ ቅጹ ሊወጣ መሆኑን የሰማሁ ሰሞን ስልኬን ከእጄ አልለየሁትም ነበር። ሽቦውን ማን ይሥለዋል፣ ይጠሩኛል ብዬ ጠብቄአለሁ። አሁን የአሳንሰር ጥገና መሥሪያ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር ንድፍ አነሣለሁ፤ እዚያ ያለው ሽቦ ቢያንስ ከሆነ ቦታ ተነሥቶ የሆነ ቦታ ይደርሳል። መጠበቄ ያሳፍረኛል፤ ኋላ ላይ ደግሞ ለምን እንደሚያሳፍረኝ እነግርዎታለሁ።

አራተኛው ቅሬታዬ ስለ ሽፋኑ ቀለም ነበር። እትዬ ረቂቁን አንብባ ‹ይሄ እንኳን ቅናት ነው፣ አውጪው› ስላለችኝ አውጥቼዋለሁ።

አምስተኛ፤ እዚህ ላይ ፈገግታዬን ለጊዜው አኖረዋለሁ። በዚህ ቅጽ ሽፋን ላይ የጋሼ ስም ተጽፏል፤ ያውም በሕይወት ሳለ በወጡት አሥራ ሁለት ቅጾች ላይ ታይቶ በማያውቅ ትልቅ ፊደል። በመግቢያውም ላይ እርስዎ በፊርማዎ አጽንተው፣ ሠዓሊው ይህን ሥራ በመጨረሻዎቹ ወራት ከባለቤቱም ከረዳቱም ደብቆ ሲነድፍ እንደቆየ፣ በታሸገ ሣጥንም ለድርጅቱ አደራ ብሎ እንደተወው፣ እናንተም አንዲት መስመር ሳትጨምሩ እንዳሳተማችሁት ጽፈዋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የጋሼ ስም የት እንደሚውል የመረጡለት ግን እርስዎ ነዎት።

ያንን መግቢያ ያነበበች አንዲት ሴት ላስተዋውቅዎ። ጋሼ በታመመባቸው ሰባት ወራት እትዬ ከአጠገቡ አልጠፋችም። ሊሄድ ሰሞን ‹የቀረህ ሥራ አለ ወይ? ለሽቦ ልንገራት?› ብትለው ‹ምንም አልቀረኝም፣ ያለኝን ጨርሻለሁ። ፖስተኛዋንም ተዉአት› አላት። ይህን ቃል ይዛ ወደ ታናሽ እህቷ ከተማ ሄደች፤ ከዓመት በላይ ተቀምጣ ባለፈው ወር ተመለሰች። ከአውቶቡስ እንደወረደች መጀመሪያ ያየችው አንድ መጽሐፍ አዟሪ ደረቱ ላይ የደገፈውን አሥራ ሦስተኛውን ቅጽ ነው። ሦስት ቀን በማጉያ መነጽር አነበበችው። ልጠይቃት ስሄድ መጽሐፉን ዘግታ ጭኗ ላይ አስቀምጣዋለች። ይጥማል፣ አይጥምም አላለችኝም። ‹ሽቦ፣ ደብቆኝ ኖሯል ማለት ነው? መድኃኒት ልገዛ ስወጣ ነው? ገላዬን ስታጠብ ነው? ዓይን ዓይኑን እያየሁት ዋሽቶኝ ነው የሄደው?› አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ፖስተኛዋን ዘበኛ ማድረግዎን እረሳው ነበር። ሥዕሉን መገልበጥዎንም፣ አውቶቡሱ ላይ መስኮት መለጠፍዎንም እስቅበትና እተወው ነበር። አንዲት የሰባ ዓመት ሴት ባሏ የዋሸባትን ሰዓት ፍለጋ የታጠበችበትን ቀን እንድትቆጥር ማድረግዎን ግን አልተውም። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ወደ ሣጥኑ። እርስዎ ሣጥን ይሉታል፤ እኛ ካርቶን ነው የምንለው፣ ከማተሚያ ቤት መጽሐፍ የመጣበት ካርቶን ስለሆነ። ከቀብሩ ሦስት ሳምንት በኋላ ሁለቱን ክፍሎች ለአከራዩ ልናስረክብ ነበር። በውላችሁ መሠረት ዋናዎቹ ሥዕሎች ወደ ድርጅቱ ካዝና ስለሚሄዱ፣ የእያንዳንዱን ቅጽ ሥዕል በአንድ በአንድ ካርቶን ከተትኩና በወፍራም ብሩሽ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ቁጥር ጻፍኩባቸው። ከጠረጴዛው ላይና ከሥሩ የተረፈ ኮተት ነበረ፤ እሱንም ወደ እትዬ ቤት የሚሄድ ብዬ በሌላ ካርቶን ከተትኩት። ብሩሹ እጄ ላይ ነው፣ ቀለሙም አልደረቀም፣ ከአሥራ ሁለት ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ አሥራ ሦስት ነው። አሥራ ሦስት ብዬ ጻፍኩበት። ከዚህ ያለፈ ምስጢር የለውም።

እትዬ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበረች። ያለ ፊርማ አንድ ጥቅል ፋሻ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም፤ እቤቷም ቢሆን ጎረቤት ወንፊት ሲዋስ ታስፈርማለች እያልን እንቀልድባት ነበር። የዚያን ቀን ኀዘን አጉብጧት፣ በቀረችው አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ካርቶኖቹን ቀና ብላ ማየት ሳትፈልግ፣ ‹ሽቦ፣ ሳይመዘገብ አንድም ነገር ከዚህ ቤት አይወጣም። በሦስት ኮፒ› አለችኝ። ካርቦን ወረቀት ፈልጌ የሁሉንም ካርቶን ዝርዝር በአንድ የርክክብ ወረቀት ላይ ጻፍኩ፤ በየረድፉ ጫፍም የሥዕል ገጽ ብዛት የሚል ዓምድ አሰመርኩ።

ምክትልዎ ከሾፌራቸው ጋር የመጡት አሥራ ሁለቱን ሊወስዱ ነበር። እኔ ቁልፍ ልመልስ ወደ አከራዩ ወጥቼ ስመለስ በር አጠገብ ያስቀመጥኩት አሥራ ሦስተኛው የለም፤ ወረቀቱ ላይ ደግሞ የምክትልዎ ፊርማ ከነሙሉ ማዕረጋቸው ተጋድሟል። ዝርዝሩን አላነበቡትም፤ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ግን አይተውታል። አሥራ ሁለት ቅጽ ብቻ ባለው ሥራ ላይ ‹አሥራ ሦስት› የተጻፈበት ካርቶን ያየ አሳታሚ የሚይዘውንና የሚጨብጠውን ማጣቱ አይደንቅም። ደረጃውን በስንት ዝላይ እንደወረዱት ሾፌሩ ይንገርዎ። በማግስቱ ቢሮዎ ደወልኩ፤ ‹በስሕተት ከመጣ ይመለሳል› ተባልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ግን እርስዎ ካርቶኑን አቅፈው በቴሌቪዥን ብቅ አሉ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

አንባቢ እንዲፈርድ የርክክቡን ወረቀት አሥራ ሦስተኛ ረድፍ እንዳለ እገለብጠዋለሁ፦

‹ተራ ቁጥር 13። ልዩ ልዩ የግል ዕቃ። የቤት ጫማ፣ አንድ ጥንድ፣ ግራው በቀይ ክር የተሰፋ። ላጲስ፣ ግማሽ የደረሰ፣ ሰባት። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ አንድ፣ የማይሠራ። የሻይ ብርጭቆ፣ አራት፣ አንዱ አፉ የተሸረፈ። የአንገት ልብስ፣ አንድ። የሥዕል ገጽ ብዛት፦ የለም።›

ከዚህ በታች ‹ከላይ የተዘረዘረውን በሙሉ አይቼና ቆጥሬ ተረክቤአለሁ› ይላል። ምክትልዎ የፈረሙት እዚህ ላይ ነው።

አሁን ሁለት ነገር ነው የሚቻለው። አንደኛው፣ ካርቶኑን እስከ ዛሬ አልከፈቱትም፤ እንግዲያው ሁለት መቶ አሥራ አራቱ ገጽ ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ ወተቷንም አንባቢው አላየ። ሁለተኛው፣ ከመግለጫው በኋላ ከፍተውት፣ ማሞቂያውንና ላጲሱን አይተው፣ ላብዎን ጠርገው፣ መልሰው አሽገው፣ ሥራውን በማላውቃቸው ልጆች በችኮላ አሠርተውታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የእጁም መዘዋወር ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። ከሁለቱ የትኛው ለክብርዎ እንደሚሻል መምረጡን ለእርስዎ ትቼዋለሁ። እኔ የማውቀው ዛሬ ያ ካርቶን በድርጅታችሁ መግቢያ አዳራሽ፣ በመስታወት ውስጥ፣ ከላይ መብራት በርቶለት፣ ‹እጅ መንካት ክልክል ነው› ተብሎ መቀመጡን ነው። በዓለም ላይ እንዲህ የተከበረ የማይሠራ ማሞቂያ ያለ አይመስለኝም።

ዝም ማለቴ የእኔ ጥፋት ነው፤ ይህን ደግሞ በእርስዎ ላይ አላላክክም። ከመግለጫው ቀን ጀምሮ ኮፒው መሳቢያዬ ውስጥ ነበረ። ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩልዎ፤ መልስ ሳጣ ግን ተውኩት። ለራሴ የነገርኩት ‹ወሬው ይበርዳል› ብዬ ነው። ውስጤ የሚያውቀው ግን ሌላ ነበር፤ ብናገር ሽቦውን እንድሥል አይጠሩኝም። ለዚያ ለማይመጣ ስልክ ስል ጋሼ ዓመት ሙሉ ውሸታም ሆኖ ዋለ። እትዬ ያንን ጥያቄ ስትጠይቀኝ የምገባበት ጠፋኝ።

ዕለቱኑ እቤቴ ተመልሼ ወረቀቱን አምጥቼ ጭኗ ላይ፣ መጽሐፉ ላይ አስቀመጥኩላት። ማጉያዋን አንሥታ እንደ ዱሮው፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ከአንደኛው ረድፍ ጀምራ አነበበችው። አሥራ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷ የመጨረሻው ዓምድ ላይ ቆመ። ከዚያ ‹አልዋሸኝም› አለች። ደግማ ‹አልዋሸኝም፣ ሽቦ› አለችና ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። እኔንም አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የሚከተለው ማስፈራሪያ አይደለም፤ እርስዎን የመሰለ ሥራ የሚበዛበት ሰው አስቀድሞ እንዲያውቀው የሚገባ የሥራ መርሐ ግብር ነው። የርክክቡ ወረቀት በብዛት ተባዝቷል። የከተማው መጽሐፍ አዟሪዎች፣ እርስዎ ‹የጎዳና ነጋዴ› የሚሏቸው፣ ጋሼ ግን በየስማቸው የሚያውቃቸው፣ የአሥራ ሦስተኛው ቅጽ አንድ አንድ ቅጂ በሸጡ ቁጥር አንድ አንድ ወረቀት በገጽ ሠላሳና በገጽ ሠላሳ አንድ መሀል ያስገባሉ፤ እጇ በሚዞርበት ቦታ ላይ። ከትናንት ጀምሮ ሥራ ላይ ናቸው። ደብዳቤ በእጅ ማድረስ የዚህ ታሪክ ልማድ ስለሆነ እንደማይቀየሙ ተስፋ አለኝ። የጥርስ ሐኪሙም ደርሶታል፤ ትንታኔውን አውርዶ በምትኩ የእርስዎን ፊርማና የምክትልዎን ፊርማ ጎን ለጎን ለጥፎታል።

በመጪው ቅዳሜ ደግሞ የመጽሐፉ ምረቃ በዚያው አዳራሽ መሆኑን ከማስታወቂያችሁ ተረድተናል። እትዬ ትመጣለች። በግምጃ ቤት ሕግ ያላግባብ የወጣ ዕቃ ሲመለስ በሰጪው ፊት ተከፍቶ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ እሷም ይህን ሕግ ሠላሳ አንድ ዓመት ስታስከብር የኖረች ናት። የርክክቡን ኮፒ፣ ማጉያዋንና እርሳሷን ይዛ ከመስታወቱ ፊት ትቆማለች፤ እርስዎ ያወጣሉ፣ እሷ ትጠራለች፣ ምልክት ታደርጋለች። ጋዜጠኞቹን እናንተው ስለጠራችኋቸው እኛ አልተቸገርንም። አንባቢዎችም የሚመጡ ይመስለኛል፤ ስንት እንደሚሆኑ ግን የመቀመጫችሁን ብዛት ስለማላውቅ ከመገመት እቆጠባለሁ።

ይህ ሁሉ እንዳይሆን ከፈለጉ መንገዱ አጭር ነው። እስከ ዓርብ ድረስ የጋሼ ስም ከሽፋኑ ይነሣ፤ መግቢያው ሐሰት መሆኑም እርስዎ ካርቶኑን አቅፈው በታዩበት በዚያው ቴሌቪዥን፣ በእርስዎው አንደበት ይነገር። ሽፋኑ ባዶ እንዳይሆን ካሰቡ የራስዎን ስም ይጻፉበት፤ ሥራው የእርስዎ ነው፣ መነጽሩም የእርስዎ ነው። ያን ጊዜ እትዬ ይቅር ትልዎ ይሆናል፤ ልቧ ቅን ነው። እኔ ግን አልልም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ የእኔ ቂም ግን አሥራ አንድ ዓመት ሽቦ በመሣል የሠለጠነ ስለሆነ ጫፉን ሳይዝ አይቆምም።

ውድ ጊዜዎን ስለሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለድርጅትዎ እድገት፣ ለምክትልዎ የማንበብ ልማድ፣ ለእርስዎም በካርቶን ውስጥ ለሚያይ ዓይንዎ ረጅም ዕድሜ ከልብ እየተመኘሁ፣ እስከ ቅዳሜ በደኅና እንዲያቆየዎ እለምናለሁ።

እጅግ ከፍ ባለ አክብሮት፣ ከግድግዳው፣ ከደረጃውና ከባዶው ሰማይ በኩል፣
ሽቦ

ማስታወሻ፦ እትዬ ወረቀቱን አጥፋ ከመለሰችልኝ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠይቃኛለች፤ ‹ጫማውን ግን ለምን ሰጠናቸው?› ነው ያለችው። ከቤቷ በር ሥር ለጫማው የተወችለትን ቦታ እስከ ዛሬ ዘልላ ነው የምትጠርገው። ስለዚህ ከቅዳሜ በፊት ሌላውን ሁሉ አስቀርተው ያንን አንድ ጥንድ ቢመልሱልን እናመሰግናለን። ከመላክዎ በፊት ግን ገልብጠው ያራግፉት፤ አሥራ አራተኛው ቅጽ ውስጡ ይኖር ይሆናል።